ነቅለህ አይተኸዋል? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ሐምሌ ሲገባ የሚደርሰኝ ደብዳቤ መልኩ ይለወጣል። በሰኔ «ምን ልዝራ?» ያለኝ ሰው በሐምሌ «ምን ነካብኝ?» ይላል። ዘንድሮም ያው ነው። ለዛሬ ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። አንዱ ከቆላ፣ አንዱ ከትምህርት ቤት፣ አንዱ ከጅሩ፣ ከእነዋሪ አካባቢ። ሦስቱም ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ደህና በቅሎ ሳለ ድንገት ስለሚተኛ ቡቃያ።

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከቀወት ነው፤ ከሸዋሮቢት ብዙ አልርቅም። አባቴ ጥጥ ይዘራ ነበር። እኔ ላይ ሲደርስ ሽንኩርትና ማሾ ሆነ። ዘንድሮ እናቴ «ለጋቢ የሚሆን ጥጥ ከገበያ መሸመት ሰለቸኝ» ስትለኝ፣ አምና ማሾ በነበረበት ሁለት ጥማድ ላይ ጥጥ ዘራሁ። ፍሬውን ከጎረቤት ነው ያገኘሁት። በሰባተኛው ቀን ደህና በቀለ። ከዚያ ዝናቡ አራት ቀን ሙሉ አላባራ አለ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ብሄድ እዚህም እዚያም ተኝቷል። መድኃኒት የሚሸጥ ሰው «ይሄን ርጭበት» ብሎኝ ረጨሁ። ምንም የለም፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ ተኛ። ጎረቤቴ «ይሄ መሬት ጥጥ አይወድም» ይለኛል። ገልብጬ ጤፍ ልዝራበት ወይስ ልጠብቅ?

ወንድሜ፣ ዝናቡን ነገርከኝ፣ ርጭቱን ነገርከኝ፣ የጎረቤትህን ወሬ ነገርከኝ። ቡቃያው ራሱ ምን እንደሚል ግን አልነገርከኝም። ለመሆኑ አንዱን እንኳ ነቅለህ አይተኸዋል?

እንግዲህ ማሳ ውረድ። የሞተውን ተወው። የሞተ ነገር ላይ ሁሉም ዓይነት ሻጋታ ይወጣል፤ ገዳዩንና ለቅሶ የደረሰውን መለየት አይቻልም። ገና ጠውለግ ያለውን፣ ነገ ከነገ ወዲያ የሚተኛውን ምረጥ። በእጅህ አትጎትተው፤ ሥሩ ተበጥሶ ይቀርብሃል። በማንኪያ ዙሪያውን ቆፍረህ ከነአፈሩ አንሳው። ከዚያ በጣሳ ውሃ ውስጥ ነከር ነከር አድርገህ እጠበው።

አሁን አንገቱን እይ። አንገት የምለው ግንዱ ከአፈር የሚወጣበትን ቦታ ነው። እዚያ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ያለ ቁስል ካየህ፣ ራይዞክቶኒያ የሚባለው ፈንገስ ነው። ቁስሉ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ቡቃያው ሊተርፍ ይችላል። ዙሪያውን ከከበበው ግን አንገቱ እንደ ክር ይቀጥናል። ላዩ አረንጓዴ ሆኖ ጥቂት ቀን ይቆምና ነፋስ ሲነካው ይተኛል። ገበሬው ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ሞተ የሚለው ለዚህ ነው። በሽታው ግን ከሰነበተ ቆይቷል።

አንገቱ ደህና ከሆነ ወደ ሥሩ ውረድ። ጫፉን በሁለት ጣት ይዘህ ቀስ ብለህ ሳበው። ልጣጩ እንደ ካልሲ ወልቆ መሃል ላይ ቀጭን ነጭ ክር ብቻ ከቀረ፣ ያ ፒቲየም የሚባለው ሌላው በሽታ አምጪ ነው። ውሃ የቋጠረ አፈር ወዳጅ ነው። ፍሬውን ገና ሳይወጣ አፈር ውስጥ የሚያበሰብሰውም በአብዛኛው እሱ ነው። ዋናው ሥር ከሰል የመሰለ ጥቁር ከሆነና ቡቃያው ሳይሞት ቀጭጮ ከቀረ ደግሞ ሌላ ፈንገስ አለ፤ እሱ ብርድ ይወዳልና አንተ ቆላ ውስጥ ብዙም አያሰጋህም። ፉዛሪየም የሚባልም አለ። ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ ሌሎቹ በከፈቱለት ቁስል ይገባል።

ግንዱ በምላጭ የተቆረጠ መስሎ ንጹሕ ሆኖ ከተለያየስ? እሱ በሽታ አይደለም። አጠገቡ ያለውን አፈር በጣትህ ጫር አድርገው። የተጠቀለለ ወፍራም ትል ታገኛለህ።

ይህንን ትል ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። በዚያው በናንተ ቆላ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ በገባሁበት ሁለተኛ ዓመት ነው። አንድ ገበሬ «ጥጤ ተቆረጠ» ብሎ መጣ። እኔም ሞተር ሳይክሌን ማሳው ዳር አቁሜ፣ ከኮርቻው ሳልወርድ «ቆራጭ ትል ነው» አልኩት። ሰውየው ፍየል ሸጦ ፀረ-ተባይ ገዛ። ረጨ። በሳምንቱ ስመለስ ከማሳው ግማሹ የለም። ሚስቱ አንድ ቡቃያ ይዛ መጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «ልጄ፣ ይሄ በጥርስ የተበላ ነው ወይስ የበሰበሰ?» አለችኝ። አንገቱ ቀልቶ ቀጥኗል። ያንን ስድስት ወር ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ግን ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ፍየሏን ልክፈል ብላቸው አልተቀበሉኝም፤ ቡና አፍልተው አጠጡኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልነቅል ተናግሬ አላውቅም።

ዛሬ ግን አንድ ጊዜ ሕጌን ልጣስ። ደብዳቤህን ብቻ አይቼ ስገምት የአንተ ራይዞክቶኒያ ነው፤ ፒቲየምም ሳያግዘው አልቀረም። አምና ማሾ ነበር ብለሃል። ራይዞክቶኒያ ጥጥ ብቻ አይደለም የሚበላው፤ ማሾውንም፣ ቦሎቄውንም፣ ቲማቲሙንም ይበላል። በደንብ ባልበሰበሰ ገለባና ሥር ላይ ተደላድሎ ይከርማል። አንተ ማሾህን ሰብስበህ፣ ቅሪቱን ገልብጠህ፣ ሳይበሰብስ ጥጥ የዘራህ ይመስለኛል። ቤቱን ለቆ ሳይወጣ እንግዳ አስገባህበት። በላዩ አራት ቀን ዝናብ።

ርጭቱ ለምን አልሠራም? የጠርሙሱን ስም አልጻፍክልኝም። ፀረ-ተባይ ከሆነ ፈንገስን አይነካውም። ፀረ-ፈንገስም ቢሆን ቅጠል ላይ ያረፈ ነገር አፈር ውስጥ ያለ አንገትና ሥር ጋ አይደርስም። ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ከመዘራቱ በፊት ፍሬው ላይ ነው የሚታሸው። ከበቀለ በኋላ የሚሸጥልህ ሰው ገንዘብህን ነው የፈለገው፣ ወይም እሱም እንደ እኔ ከሞተር ሳይክሉ አልወረደም።

አሁን ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ውሃውን አውጣ። ማሳው ውስጥ ውሃ የሚያቁር ቦታ ካለ ቦይ ቅደድለት። ጸሐይ ሲወጣ አፈሩን ላይ ላዩን ብቻ ፈርፈር አድርገው፤ አየር ይግባበት። አፈር ወደ አንገቱ አታስጠጋ። «ደከመ» ብለህ ዩሪያ አትበትን፤ ሆዱን ለታመመ ሰው ክትፎ እንደማቅረብ ነው። ማሳሳትም (የበዛውን ቡቃያ መንቀል) አሁን የለም። ጥጥ ሦስት አራት ሳምንት ካለፈው ግንዱ እንጨት እንጨት ይላል፤ ከዚያ በኋላ ይሄ በሽታ ብዙም አይደፍረውም። የተረፈውን አይተህ ያኔ ታሳሳለህ።

መገልበጡን በተመለከተ፣ ሳትቆጥር አትገልብጥ። አሥር ሜትር መስመር በገመድ ለካ። በሃያ ሃያ ሳንቲ ሜትር ዘርተህ ከሆነ አሥር ሜትር ላይ ሃምሳ ተክል ነው የሚጠበቀው። አምስት ስድስት ቦታ ላይ ቁጠር። ሃያ አምስት ሠላሳ ጤነኛ ተክል ተሰባጥሮ ካለ ተወው። ጥጥ ቦታ ሲያገኝ ቅርንጫፉን ይዘረጋል፣ ክፍተቱን ይሞላል። ከአንድ ሜትር በላይ ባዶ የሆነ ቦታ ከበዛ ብቻ እዚያው ላይ ሙላበት። ሁለት ጥማዱን በሙሉ ጤፍ ማድረግ ግን የመጨረሻው ነው፤ እናትህም ጋቢውን አትረሳልህም።

ለከርሞ ደግሞ ይቺን ያዝ። ከጎረቤት ያመጣኸው ፍሬ ላይ አጫጭር የጥጥ ጸጉር አለ። እሱ እርስ በርሱ ያያይዘዋል፣ ውሃም እኩል እንዳይጠጣ ያደርገዋል። አንዱ በአምስት ቀን ሌላው በአሥራ ሁለት ቀን ይበቅላል። አፈር ውስጥ በቆየ ቁጥር ደግሞ ለበሽታ የተመቸ ነው። አመድና ውሃ ለውሰህ በእጅህ አሽተህ አድርቀው፤ ጸጉሩ ይተኛል። በአሲድ የተላጠ ዘርም አለ። እሱ የፋብሪካ ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ እንዳትሞክረው።

ከዚያ መቶ ፍሬ ቆጥረህ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለህ ምድጃ አጠገብ አስቀምጥ፤ ሳይሞቅ፣ ለብ ብሎ። በአምስተኛው ስድስተኛው ቀን ፍታው። ሰማንያና ከዚያ በላይ ከበቀለ ደስ ይበልህ። ስድሳ ካልሞላ ለከብት ስጠው። ደካማ ፍሬ ደካማ ቡቃያ ነው፤ ፈንገሱ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ጥልቀቱ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሳንቲ ሜትር ይሁን። የሌባ ጣትህን አንድ አንጓ ተኩል ብትል አትሳሳትም። አንዳንዱ «ወፍ እንዳይበላው» ብሎ አንድ ክንድ ይቀብረዋል። ወፉ ባይበላው ፒቲየም ይበላዋል። መስኖ ይዘህ በጥር ወይም በየካቲት የምትዘራ ከሆነ ደግሞ አፈሩ ጠዋት ላይ ቢያንስ 18 ዲግሪ መሙቀቱን አረጋግጥ። ከዚያ በታች ጥጥ ይተኛል፣ ፈንገሶቹ ግን ነቅተው ያድራሉ።

መሬቱን በማሽላ ወይም በጤፍ አፈራርቀው፤ የሣር ዘር የሆነ እህል ለእነዚህ ፈንገሶች እምብዛም አይመቻቸውም። ካረስክ በኋላም ቅሪቱ እስኪበሰብስ ሦስት አራት ሳምንት ስጠው። የዘር መድኃኒት የምትገዛ ከሆነ ስሙን እይ። ቲራም ለብዙዎቹ ይሆናል። ካርቦክሲን ራይዞክቶኒያን ይይዛል። ሜታላክሲል ለፒቲየም ነው፤ ራይዞክቶኒያን ንክችም አያደርገው። ጓንት አድርግ። የታሸውን ፍሬ ከዘራህ በኋላ የተረፈውን ለከብት እንዳትሰጥ፣ ዘይት ቤትም እንዳትወስድ። ይሄን ደግሜ ነው የምናገረው፤ የጥጥ ፍሬ የከብት መኖ ነው ብለን ስለለመድን እጃችን ሳናስብ ይሰጣል።

ጎረቤትህ «መሬቱ ጥጥ አይወድም» ያለውን አትናቅበት። ወደ ታች ስለ ተልባ የምጽፈውን አንብብለት።

ሰላም ለእርስዎ። ከአንኮበር ነኝ፣ ሳይንስ አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪ «ቡቃያ የሚገድለው ፈንገስና እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አንድ ነው ወይ?» አለችኝ። «ዘመድ ናቸው» ብዬ አለፍኩ። ዋሸኋት?

አልዋሸሽም እህቴ፤ ግን ዘመድነቱ የሩቅ ነው። እንጀራ ላይ የምናያቸው እነ ፔኒሲሊየም፣ አስፐርጊለስና ራይዞፐስ ናቸው። እነሱ የሞተ ነገር በሊታዎች ናቸው፤ ብናኛቸው በአየር ይሄዳል፣ ክዳን ሲከፈት ይገባል። ራይዞክቶኒያ ግን እንደነሱ ብናኝ በትኖ አይዛመትም። አፈር ውስጥ ክር እየጎተተ ነው የሚሄደው። ሲከፋው ትንንሽ ቡናማ ቅንጣት ሆኖ ይጠብቃል። ከማሳ ማሳ የሚያደርሰው ማረሻው፣ ጎርፉና የእግራችን ጭቃ ነው።

አንድ ነገር ግን ጨምሪላት፣ ደስ ይላታል። ፒቲየም እውነተኛ ፈንገስ አይደለም! ለረጅም ዘመን ፈንገስ ሲባል ኖሮ፣ በኋላ ለአልጌዎች የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ጅራት ያላቸው ዋናተኛ ዘሮች አሉት፤ በአፈሩ መሃል ባለው ውሃ እየዋኙ ሥሩን ይፈልጉታል። ውሃ ከሌለ የትም አይሄዱም። ለዚህ ነው ለፈንገስ የተሠራ መድኃኒት ሁሉ የማይገድለው። የናንተን ድንች በክረምት ቅጠሉን የሚያጠቁረውም የዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በረሃብ የመታው ያው የድንች በሽታ ነበር።

ክፍል ውስጥ ልታሳያቸው ትችያለሽ። ሁለት ጣሳ አምጪ። የአንዱን ቂጥ በምስማር ብሺው፣ ሌላውን ተይው። ሁለቱንም ከአንድ ማሳ በመጣ አፈር ሙያቸው። አሥር አሥር የተልባ ፍሬ ዝሪ፣ በየቀኑ እኩል ውሃ አጠጪ። ያልተበሳው ጣሳ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚነግራቸውን እኔ በአሥር ገጽ አልነግራቸውም።

ልጄ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ማሳዬ ከእነዋሪ ወደ ጀማ መውረጃው ዳር ነው። ተልባ በአንድ ቦታ ስዘራ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። አምና ቦታ ቦታውን ደረቀ። ዘንድሮ አንድ ስንዝር ሳይሞላ አናቱ እንደ ከዘራ ይቆለመማል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል። ሹሩቤ (ውሃ ማውጫ ቦይና መደብ) አውጥቻለሁ፣ ውሃ አልቆመበትም። ምን አድርጌው ነው?

እማማ፣ «ልጄ» ስላሉኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚለኝ።

ውሃ አልቆመበትም ያሉትን አምናለሁ። ጅሩ ላይ የዋልካ ውሃ ማውጣትን የሚያስተምር ሰው ካለ ከጅሩ ሰው ይማር ብዬ ነው የማምነው። እኛ በፕሮጀክት ስም ይዘን የመጣነውን ነገር እናንተ በእጃችሁ ስትሠሩት ነው ያገኘናችሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የውሃ አይደለም። የሦስት ዓመቱ ነው።

የልጅ ልጅዎ አንዱን ትንቀለው። ሥሩ አመድማ ግራጫ ሆኖ ከታየ፣ የተልባ አጠውልግ ነው። የሚያመጣው ፉዛሪየም ነው፣ ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ ይሄኛው የሚያጠቃው ተልባን ነው። በሥር ገብቶ የውሃ መተላለፊያውን ይዘጋል። ለዚህ ነው አናቱ የሚቆለመመው፤ ውሃ አልደረሰውም። ሞቅ ያለ አፈር ስለሚወድ ከላይ ከሜዳው ይልቅ የእርስዎ መውረጃ ዳር ይመቸዋል። ተልባ ሳይዘራበት ብዙ ዓመት አፈር ውስጥ ይቆያል። ዓመት በዓመት ተልባ ሲያገኝ ደግሞ ይራባል።

አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ የሚባል አገር ገበሬዎችም እንደ እርስዎ ግራ ገብቷቸው ነበር። ተልባ በድንግል መሬት ላይ ያምራል፣ ጥቂት ዓመት ሲቆይ ይደርቃል። «መሬቱ ተልባ ሰለቸው» እያሉ ወደ ምዕራብ አዲስ መሬት ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ሄንሪ ቦሊ የሚባል ሰው እዚያው ፋርጎ ከተማ ኮሌጅ ውስጥ ቁጥር 30 በተባለ ማሳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ በየዓመቱ ተልባ ብቻ ይዘራ ጀመር። እያወቀ፣ እንዲታመም ብሎ። በ1901 መሬቱ አልደከመም፣ ፈንገስ ነው የያዘው ብሎ ጻፈ። ከዚያ የሚገርመውን አደረገ። በዚያ በታመመ ማሳ ላይ ሁሉም ሲሞት የቀሩትን ጥቂት ተክሎች ፍሬ እየለቀመ መልሶ እዚያው ዘራ። በሽታውን የሚችል ተልባ የተገኘው እንዲህ ነው።

እርስዎም ማሳዎ ላይ ዙሪያው ሲደርቅ ለምልሞ የቆመ ካለ ክር እሰሩበት። ለብቻው ይሰብሰብ። ማሳውን ግን ለተልባ ቢያንስ አራት ዓመት ይንሱት። ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላ ይዝሩበት፤ የተልባው በሽታ እነሱን አይነካም። የተልባውን ገለባ መልሰው ማሳ ላይ አይበትኑ። በሽታ የሚችል ዝርያ መኖር አለመኖሩን ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ልጅቷ ትጠይቅልዎት።

አንድ ሌላ ነገር፣ ስለ ውቂያ። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ይባላል፤ አውድማ ላይ ግን ለዘር የሚሆነውን ሙቀጫ ውስጥ እንዳለ አያድርጉት። የተልባ ልባስ ስስ ነው። በሬው ሲደጋግምበት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይወጣበታል፤ አፈር ውስጥ ሲገባ ፈንገስ በዚያ በር ይገባል። ለዘር የሚሆነውን ለይታችሁ በቀጭን ዱላ ቀስ አድርጋችሁ ውቁት።

(ልጅቷ ደብዳቤው ጥግ ላይ ለራሷ «ተልባ እንደ ጥጥ ክር ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?» ብላ ጽፋለች። እውነት ነው። እኛ ለዘይትና ለፍትፍት ነው የምናውቀው እንጂ በፍታ የሚባለው ጨርቅ ከተልባ ግንድ ነው የሚፈተለው።)

ደብረ ብርሃን ስትመጣ አሥር የታመመ፣ አምስት ጤነኛ ቡቃያ ከነሥሩ ይዛልኝ ትምጣ። በጋዜጣ ትጠቅልለው። ፌስታል ውስጥ እንዳታደርገው፤ ያልበውና እኔ ጋ ሲደርስ ሌላ ሻጋታ ይዞ ይመጣል። ከማሳው ስትወጣም ጫማዋን እዚያው ዳሩ ላይ ታራግፍ። ያ ጭቃ ጎረቤት ማሳ እንዳይደርስ።